የገጽ አርባ አንድ ጀርባ

ጥቅምት 3

እታለም፣

ደብዳቤ «ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል» ተብሎ ይጀመራል። ሁለት ጊዜ ጽፌው ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። መልሱን እያወቁ መጠየቅ ሹፈት መሰለኝ። የደም ግፊትሽ መቶ ሰባ ሁለት በመቶ አራት። ጤናሽን በቁጥር ነው የላክሽልኝ፤ እኔም በቁጥር ይዤው እዞራለሁ። ደረጃ ስወጣ መቶ ሰባ ሁለት። ጫማዬን ሳስር መቶ ሰባ ሁለት።

የምልክልሽ የመብራት ሳጥን አያቃጥልም ወይ ብለሻል። አያቃጥልም። ከእኔ ክፍል የወጣ የመብራት ዓይነት ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አጠገቡ ቆሜአለሁ፣ እስካሁን አልተጠበስኩም።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ገጾቹ በስስ የአልሙኒየም ሉህ ላይ ይወጣሉ። ፕሌት እንለዋለን። ፕሌቱን መስታወት ሥር አስተኝቼ ሰማያዊውን መብራት አበራበታለሁ። ብርሃን ያገኘው ቦታ ይለወጣል፣ ያላገኘው እንደነበረ ይቀራል። ከዚያ ወደ ማተሚያው ይሄዳል። እኔ የማየው ገጾችን ነው፤ መጽሐፍ አይቼ አላውቅም ማለት ይቻላል።

ባለፈው ወር የማተሚያ ቤቱ ነርስ ሁላችንንም ለካችን። አሥራ ስምንት ሰው። አሥራ ሰባቱ ወይ ግፊት አለባቸው ወይ አፋፉ ላይ ናቸው። እኔ መቶ አሥራ ስምንት በሰባ ስድስት። ነርሷ መለኪያው ተበላሽቶ ነው ብላ ደገመችኝ። ያው። የማሽን ክፍሉ ኃላፊ «ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ምን ይግፋው?» አለና ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን እኛ ቤት በሽታው በዘር ነው። የእናታችንን አይተናል። አንቺ አይተሻል ማለቴ ነው። እኔን ለምን ዘለለኝ?

በዚያው ሳምንት የሐኪሞች መጽሔት ፕሌት ስሠራ ገጽ አርባና አርባ አንድ ላይ ዓይኔ ወደቀ። ሰዎችን ልብሳቸውን አስወልቀው ግማሽ ሰዓት ሰማያዊ ብርሃን ፊት አስቀምጠዋል። ብርሃኑ ከቆዳ ሥር አንድ ነገር ያስለቅቃል፣ ያ ነገር ደግሞ የደም ሥርን ያላላል ይላል። ግፊታቸው ወርዷል። ቆሜ አነበብኩት። ፕሌቱ ሲበስል መነሣት የነበረበት ጊዜ አለፈና ተበላሸ፣ ሌላ ሠራሁ። ገጹን በእጄ ገልብጬ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ።

ሳጥኑን ራሴ ነኝ የሠራሁት። አራት ቱቦ ነው ያለው። ከክንድ ርቀት አትቅረቢው። ጥቁሩን መነጽር ሳታደርጊ እንዳታበሪው፤ ዓይን አይምርም።

ኪኒኑን ልተወው ወይ ላልሽው፣ እኔ ምን አውቄ? ገጹ ስለ ኪኒን የሚለው የለም። ኪኒኑ ጣቶችሽን እንዳደነዘዘ፣ መርፌው ከእጅሽ ሲወድቅ በጆሮሽ እንደምታውቂ ጽፈሽልኛል። ያንን ካነበብኩ በኋላ ዋጪ ለማለትም አፌ አልታዘዘልኝም። አንቺው እወቂ።

ጭራሮ

 

ጥቅምት 19

ጭራሮዬ፣

ሳጥንህ ደረሰ። አባ ጥሩምባ አውቶቡሱን በራችን ላይ አቁሞ፣ ጥሩምባውን እስኪበቃው ነፍቶ፣ «እትዬ! ወንድምሽ የሬሳ ሳጥን ልኮልሻል!» ብሎ ሰፈሩን ሰበሰበልኝ። «ልኬን ከየት አምጥቶ?» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «አይ፣ ለአንቺ ያጥራል» አለ። ይህ ሰው ደብዳቤያችንን ከፍቶ አለማንበቡን እርግጠኛ ነህ?

አዎ፣ መነጽሩን አደርጋለሁ። አዎ፣ ርቀቱን በሜትሬ ለክቼ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሬአለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ፣ መለካት ታስተምረኛለህ? አልጋዬና የስፌት መኪናዬ መካከል ያለችውን ቦታ ታውቃታለህ፤ እዚያ በርጩማ ላይ ጀርባዬን ገልጬ፣ መጋረጃውን ዘግቼ፣ ላባዋ የተነጨ ዶሮ መስዬ እቀመጣለሁ። ግድግዳው ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። የመጀመሪያው ቀን አፈርኩ። ማን እንዳያየኝ እንደሆነ አላውቅም።

ቁጥሩን ጠይቀሃል። በፊት መቶ ሰባ አንድ። በኋላ መቶ አርባ ዘጠኝ። መለኪያውን አላመንኩትም፤ በማግስቱ ደገምኩ። መቶ ስልሳ ዘጠኝ፣ ከዚያ መቶ አርባ ስድስት። ጭራሮዬ፣ መቶ አርባ ስድስት!

ቬሎ የምሰፋላትን አሠሪዬን ታውቃታለህ፣ በገባች ቁጥር «አልደረሰም?» የምትለዋን። እመት አልደረሰም እላታለሁ። ትናንት መጥታ «ፊትሽ ወዛ፣ ባል አገባሽ እንዴ?» አለችኝ። «ኤሌክትሪክ አገባሁ» አልኳት።

በብጣሽ ወረቀት ለብቻ ስለ ኪኒኑ የጠየቅኸኝን ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

እህትህ

 

ኅዳር 2

እታለም፣

ደስ ብሎኛል። ይህን ጽፌ ብዙ ቆየሁ። ደስታ የት እንደሚቀመጥ ያልለመደ ሰው አንዴ ኪሱ፣ አንዴ ጠረጴዛው ላይ ያደርገዋል፣ ከዚያ ጠፋብኝ ብሎ ይደነግጣል። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አውጥቼ አየሁት። መቶ አርባ ስድስት እዚያው አለ።

ለማሽን ክፍሉ ኃላፊ ነገርኩት። «ከመቼ ወዲህ ነው ፕሌት ሠሪ ሐኪም የሆነው?» አለኝ። ቆየት ብሎ ግን ማንም ሳያይ ወደ ክፍሌ ገብቶ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰብስቦ መብራቱ ፊት ቆመ። ሆዱን ይዞ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። «ይሞቃል እንጂ ሌላ ምንም የለውም» ብሎ ወጣ።

አሳጥረህ ነው ወይ የገለበጥከው ብለሻል። አይደለም። ቃል በቃል ነው።

በፖስታው ጀርባ ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ አሁን ነው ያየሁት። ስንት ሳምንት ነው፣ ቀጣዩ ገጽስ ምን ይላል። ይህን ማስረዳት አለብኝ። ገጽ አርባ ሁለት የአርባ አንድ ጀርባ ነው፤ አንድ ቅጠል ነው። ግን የወረቀቱ ፊት በአንድ ፕሌት፣ ጀርባው በሌላ ፕሌት ነው የሚታተመው። ፊቱን እኔ ሠራሁ፣ ጀርባውን ሌላው ፈረቃ ሠራው። መጽሔቱም ታትሞ፣ ታጥፎ፣ ተጭኖ ሄዷል። የብልሹ ወረቀት መጋዘን ውስጥ ግን ቅጂ አይጠፋም፣ እፈልግልሻለሁ። ምን ሊኖርበት ይችላል ብለሽ ነው? ላገዙን እናመሰግናለን። የመጻሕፍት ዝርዝር። ሌላ ምን አለ?

አዎ፣ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ጭራሮ

 

ኅዳር 20

ጭራሮዬ፣

ይቅርታ አድርግልኝ። ዝም ያልኩህ ተቆጥቼ አይደለም፣ ታምሜም አይደለም። ሥራ ነው። ከደረት እስከ ወገብ በዶቃ የሚሞላ ቬሎ ይዣለሁ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዶቃ፣ አንድ በአንድ፣ በእጅ። ሙሽራዋ ጥር መጨረሻ ላይ ትለብሰዋለች። እመት አልደረሰም ጨርቁን ገና ሳልቆርጠው «አልደረሰም?» አለች።

እንዴት ይህን ሥራ ደፈርሽ ብለሃል። እነግርሃለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት ዶቃ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አንከባለልኳትና ሰማኋት። ክብ ናት። ለሁለት ዓመት ዶቃ ክብ መሆኑን በዓይኔ ብቻ ነበር የማውቀው። ሥራዬን አቁሜ ዝም ብዬ አንከባለልኳት። እግሬም ጫማዬ ውስጥ ይገባል አሁን፤ ፔዳሉን ስረግጥ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ሊጥ አይጠልቅም።

እንግዲህ ገብቶሃል። ኪኒኑን ከጥቅምት 21 ጀምሮ ትቼዋለሁ። እንዳትቆጣ። አንቺው እወቂ ብለኸኛል፤ አወቅሁ። ለጤና ጣቢያዋ ነርስ አልነገርኩም። እሷ ሰው ስታይ የምታየው ኪኒን የሚገባበትን ቀዳዳ ነው።

መብራቱ ደህና ነው ወይ ላልከው፣ ደህና ነው። በየቀኑ እቀመጣለሁ።

ያን ገጽ ካላገኘኸው ተወው። አትድከም።

እህትህ

 

ታኅሣሥ 1

ለተወደድሽው እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ደህና ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ግን ደህና ነው። ጎረቤቶችሽ ደህና ናቸው? እመት አልደረሰምን ሰላም በይልኝ። አባ ጥሩምባንም ሲመጣ ውኃ አጠጪው፤ መንገዱ አቧራ ነው።

የጠየቅሽኝን ገጽ አላገኘሁትም።

ጤና ጣቢያ አንድ ጊዜ ጎራ ብትዪ ምን ይመስልሻል? ምንም ስላለ አይደለም። ለእኔ ብለሽ። ነርሷ በእሷ መለኪያ ትለካሽ። ጠዋት፣ ከመቀመጥሽ በፊት። ወይም ማታ፣ ከተቀመጥሽ ከብዙ ሰዓት በኋላ። ቁጥሩን ላኪልኝ።

ሌላ ምን ልጻፍልሽ። ሁሉም ደህና ነው።

ወንድምሽ

 

ታኅሣሥ 9

እታለም፣

መልስሽን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው። ያለፈው ደብዳቤ ውሸት ነው። ከሰላምታው ጀምሮ።

ገጹን ያገኘሁት ኅዳር 27 ነው። ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ። መጋዘኑ ውስጥ እስከ ጣሪያ የተከመረ ወረቀት አለ፤ ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ በጉልበቴ እየሄድኩ ፈለግሁ። የመጋዘኑ ጠባቂ «የጠፋብህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ጀርባ» አልኩት። «ወገብህን ተመርመር» አለኝ።

እንዲህ ይላል። ቅናሹ ከአንድ ሰዓት በላይ አልቆየም። ተቀማጮቹ በሙሉ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ነው የተቀመጡት። በሙሉ። መብራቱ ሳይበራ የተቀመጡ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ፤ የእነሱም ወርዷል፣ በትንሹ ብቻ ነው የሚያንሰው። ማረፋቸው ሊሆን ይችላል ይላል። በመጨረሻ፣ ብርሃኑ ነገ ምን እንደሚሆን አይታወቅም፣ ዛሬ ግን መድኃኒትን አይተካም ይላል። እንደገና አነበብኩት። ቃሉ አልተለወጠም።

ይህ ብቻ ቢሆን አለማወቅ ነው እል ነበር። ግን ገጽ አርባ አንድ የሚያልቀው በምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? «ሆኖም» በሚል ቃል ነው። ግፊታቸው ወርዷል፤ ሆኖም። እዚያ ላይ ገጹ ያልቃል። አይቼዋለሁ። ስገለብጥልሽ እጄ «ሆኖም» ጋ ደረሰና ቆመ። ማሰሪያ የሌለው ቃል ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት። ያኔ እንዲያ አልኩ። አሁን ሳስበው፣ እንዳታዪው ነው የተውኩት። እኔም እንዳላየው።

ነርሷ ጋ ሄጄ የእኔ ግፊት ለምን ዝቅ አለ፣ መብራቱ አይደለም ወይ አልኳት። «እዚያው ክፍል ከአንተ በፊት ይሠሩ የነበሩት ሰውዬ በምን ሞቱ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። በግፊት ነው አለችኝ። የእኔ ዕድል ነው አለች። ዕድል ብቻ።

አሥራ ሁለቱን ቀን ምን ስጠብቅ ነበር? ዶቃዋ ክብ ናት ያልሽውን። ያንን አረፍተ ነገር በየት በኩል ልንካው? በሕይወቴ የሰጠሁሽ አንድ ነገር ሠራ፣ እሱን ደግሞ ራሴ ልንጠቅሽ። ነገ እጽፋለሁ እያልኩ አደርኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ፣ እስከ ዛሬ ምንም ካልሆነች አንድ ቀን ምን ይለውጣል እል ነበር።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ቆጡን ያሳየሁሽ እኔ፣ ከብብትሽ ያስጣልኩሽም እኔ። አፈር ልብላልሽ፣ ኪኒኑን ዛሬውኑ ጀምሪ። ይህን ወረቀት ሳታጥፊው፣ ቆመሽ ሳለሽ። እታለም። እለምንሻለሁ።

ጭራሮ

 

ታኅሣሥ 18

ጭራሮዬ፣

አዎ፣ ወድቄያለሁ። እመት አልደረሰም ለማተሚያ ቤታችሁ ዘበኛ በስልክ የነገረችው እውነት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ራሴን ሳትኩ ያለችው ግን የራሷ ዶቃ ነው፣ ትጨምራለች። መቀሱ እጄ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወለሉ ጉንጬ ላይ ነበር። በመካከል ያለውን አላውቀውም። አፌ ለጥቂት ጊዜ ወደ ግራ ሄዶ ነበር ይላሉ። ተመልሷል። በመስታወት አይቼዋለሁ፣ ሁለቴ። ጤና ጣቢያ መቶ ዘጠና በመቶ አሥራ ሁለት አሉኝ። ነርሷ የጮኸችብኝን አልጽፍልህም፤ ልክ ነበረች።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከወደቅሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ከአሥራ ሁለቱ ቀን ጋር ያለህን ጣጣ አንተው ተጣላው፤ እኔን አትጨምረኝ።

አሁን የእኔን ስማ። መብራትህ የሞተው ኅዳር 6 ነው። ሦስቱ ቱቦዎች ጠፉ፣ በማግስቱ አራተኛው። ደህና ነው ያልኩህ ቀን ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ከመልመዴ የተነሣ መጋረጃውን ዘግቼ፣ ጀርባዬን ገልጬ፣ በጠመኔዋ መስመር ላይ ለጨለመው ሳጥን ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት። ለካሁ። ከመቶ ስልሳ ስምንት ወደ መቶ ሃምሳ። ከዚያ ብቻዬን ሳቅኩ። መነጽሩን እንኳ አድርጌ ነበር።

ከእጅ አይሻል ዶማ አልኩ በልቤ። እኔ እኮ በሕይወቴ ግማሽ ሰዓት ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ አላውቅም። የአንተ ሳጥን ነው ያስቀመጠኝ። ማንም «ተነሺ» አይለኝም፣ ሕክምና ላይ ናታ። እመት አልደረሰም እንኳ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለህ። አንተስ? ያን «ደስ ብሎኛል» የሚለውን ደብዳቤህን ይዤ፣ ዕቃህ ተቃጥሏል፣ ሲበራም ሳይበራም አንድ ነው ልበልህ? አንተ ለእኔ ዋሸህ፣ እኔ ለአንተ። እናታችን ደህና አድርጋ አሳደገችን፣ ሰው እንዳናስቀይም።

ታዲያ መብራቱ ምንም እንዳልሆነ ካወቅሽ ለምን ወደ ኪኒኑ አልተመለስሽም። ይህንንም ትጠይቀኛለህ። ቁርጡን ልንገርህ።

እናታችንን ግፊቱ ከጣላት በኋላ አራት ዓመት። በየሁለት ሰዓቱ። አልጋ ቁስል እንዳይዛት በዚህ ጎን፣ ከዚያ በዚያ ጎን። አንተ የማይቆረቁር ፍራሽ ላክህ። ሬዲዮ ላክህ። የሚታጠፍ ወንበር ላክህ። ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፣ አልዋሽህም፤ ወንበሩ አሁንም አለ። እናታችንን ለማገላበጥ ግን የሚያስፈልገው ሁለት ሰው ነበር። እኔ አንድ ነበርኩ። ወገቤን አሥሬ አንድ ነበርኩ።

ኪኒኑን ከዋጥኩ ጣቴ ይሄዳል። ጣቴ ከሄደ ሥራዬ፣ ሥራዬ ከሄደ ይቺ ክፍል። ካልዋጥኩ እናታችን። በየትኛውም በኩል ብዞር መጨረሻው አልጋ ነው። እዚያ አልጋ ላይ ስሆን ማን ያገላብጠኛል?

ወቀሳ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። መልስ ካለህ ጻፍልኝ።

እህትህ

 

ታኅሣሥ 24

እታለም፣

እኔ።

ይህን ቃል ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። በመጀመሪያው ላይ «የምትረዳሽ ሴት እንፈልጋለን» ብዬ ነበር። በሁለተኛው ላይ «እንደሱ አታስቢ» ብዬ ነበር። ሦስተኛው ላይ የጻፍኩትን አልነግርሽም፣ ስለ ፍራሽ ነበር። እኔ ማለት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁንም እጄ ላይ ከብዶኛል፤ ግን ጽፌዋለሁ፣ አላነሣውም።

በእነዚያ አራት ዓመታት ለምን አልመጣህም የሚለውን አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም፣ አሁንም አልጠየቅሽም። ሳትጠይቂ ልመልስ። ሥራ አልነበረም። ፈርቼ ነበር። ሳታውቀኝ ታየኛለች ብዬ ፈራሁ። ዕቃ ሲላክ ዕቃው ያያታል፣ እኔ አላያትም።

አሁን ስሚኝ። የእኛዋን ነርስ ስለ ጣቶችሽ ነገርኳት። «የምትወስደው ስሙ ማን ነው?» አለችኝ። ከድሮ ደብዳቤሽ ላይ ስሙን አሳየኋት። እጁን የሚያደነዝዘው፣ እግሩን የሚያሳብጠው ሰው ሲያጋጥም የሚቀየርለት ሌላ ዓይነት አለ አለችኝ። አንድ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ዓይነት። «ለሐኪሟ ነግራው አታውቅም?» አለች። ነግረሽው ታውቂያለሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ለእኔ ነገርሽኝ። እኔ ደግሞ ማንንም ሳልጠይቅ እንጨትና ሽቦ ፍለጋ ሄድኩ። አንድ ጥያቄ ነበር እኮ እታለም። ከክፍሌ እስከ ነርሷ በር ሠላሳ እርምጃ ነው። ዛሬ ቆጠርኩት።

ሐኪምሽ ጋ ሂጂ፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ በዪው፣ ልክ ለእኔ እንደጻፍሽው አድርገሽ። እስኪቀይርልሽ ድረስ ያለውን ዋጪ።

ፈቃድ ጠይቄአለሁ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ሥራ ላይ ነን፤ ኃላፊው ጥር 12 ብሎኛል። ከዚያ በፊት አይሆንም አለ። ጥር 12 እመጣለሁ፣ ልመለስ አልመጣም።

ጭራሮ

 

ታኅሣሥ 28

ጭራሮዬ፣

ጽሕፈቴን አትመልከት። ጣቶቼ እስክሪብቶውን አይሰሙትም፤ እየተንሸራተተብኝ ነው።

አዎ፣ ጀምሬአለሁ። ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ያንተን ደብዳቤ ሳላገኝ ነው የጀመርኩት፣ ስለዚህ ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ፀጉሬን ሳበጥር ግራ ዓይኔ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለና ማበጠሪያውን ለመጣል እንኳ ፈራሁ። ቆሜ ዋጥኳት። ፈርቻለሁ። ይህን ቃል ጽፌልህ አላውቅም። ለእናታችንም ተናግሬው አላውቅም።

ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። «አልጠየቅኸኝማ» አልኩት። ሁለታችንም ጫማችንን አየን። የሚቀየር አለ፣ ይቀየራል አለ፤ ግን አሁን አይደለም፣ መጀመሪያ ይውረድ አለ።

ቬሎውን ለእመት አልደረሰም መለስኩላት። ዘጠኝ መቶ አርባ ዶቃ ሰፍቼ ነበር። አጣጥፋ ያዘችው። አልደረሰም እንኳ አላለችም።

ቁጥሩን ጠይቀሃል። ዛሬ ጠዋት መቶ ሰማንያ ስምንት በመቶ አሥር። አልወረደም። ነርሷን «አራት ቀን ሙሉ ዋጥኩ እኮ!» አልኳት። «እትዬ፣ የራስ ምታት ኪኒን መሰለሽ? ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ ሦስትም ሊሆን ይችላል» አለችኝ። እስከዚያስ አልኳት። መለኪያዋን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች።

ማጅራቴ ሌሊትም ቀንም ይመታል። ስተኛ በየትኛው ጎኔ እንደምተኛ እመርጣለሁ፤ ጠዋት እዚያው ጎን ላይ ብገኝስ እያልኩ።

ጥር 12 ብለሃል። ጥር 12 ሩቅ ነው፣ ጭራሮዬ። ፈቃዱን ተወውና አሁን ና።

እህትህ